ከዋሂል ተነስቶ አካውንቲንግ መማር፦ ከምዝገባ እስከ መጀመሪያው ሥራ

ከዋሂልና ከአካባቢዋ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ድሬዳዋ ከተማ አካውንቲንግ ለመማር የሚመጡ ወጣቶች ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። ኮሌጁ ትክክለኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፤ ይከብደኝ ይሆን? ኮምፒውተር የለኝም፤ ምን ላድርግ? ስጨርስስ ማን ይቀጥረኛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በተራ በተራ መልስ እንስጥ።

አስቀድሜ ግን አቋሜን ልናገር። ይህ ሙያ በመሸምደድ አይያዝም። ዴቢትና ክሬዲትን ሲያነበንብ ከርሞ የአንድ ሱቅ የአንድ ወር ደረሰኝ ሲሰጡት ከየት እንደሚጀምር የሚጠፋው ምሩቅ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ የአንድ እውነተኛ ሱቅ ሒሳብ በእጃችሁ እንድትይዙ እመክራለሁ። ከገጠር መምጣታችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፤ የአጎት ወይም የጎረቤት ሱቅ አይጠፋም፣ ባለቤቱም ከነቤተሰባችሁ ያውቃችኋል። የከተማ ልጅ ይህን ለማግኘት ደጅ ይጠናል።

1. ኮሌጁንና ደረጃውን አጣሩ

ድሬዳዋ ውስጥ እንደ ኢትዮ-ኢጣሊያ ፖሊቴክኒክ ያሉ የመንግሥት ኮሌጆችም የግል ኮሌጆችም አሉ። የመንግሥት ኮሌጅ ሁሉንም ሙያ በሁሉም ደረጃ በየዓመቱ ይከፍታል ማለት አይደለም። የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራሳችሁ ሄዳችሁ አንብቡ። የመግቢያ ነጥቡም በየዓመቱ የሚቆረጥ ስለሆነ ያምና ተማሪ የነገራችሁ ቁጥር ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

የግል ኮሌጅ ከመረጣችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የዕውቅና ፈቃዱን ለማየት ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የሙያውን ስም፣ ደረጃውን፣ የካምፓሱን አድራሻና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ። ለደረጃ 2 ብቻ የተፈቀደለት ኮሌጅ ደረጃ 4 ላስተምር ካለ፣ ወይም ፈቃዱ ሌላ ከተማ ላለ ካምፓስ የተሰጠ ከሆነ፣ ጉዳቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ስትጠይቁ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜም ገንዘብም አልቋል። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ትክክለኛ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ አይቆጣም።

ትምህርቱ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች ደረሰኝ መቁረጥ፣ ሰነድ ማደራጀትና ቀላል ምዝገባ ይበዛል፤ ከፍ ሲል ደመወዝ፣ በጀት፣ ግብርና የሒሳብ መግለጫ ይመጣል። በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት ደረጃ 3ና ደረጃ 4 ስለሆነ ከዚያ በታች ላይ ላለማቆም ከወዲሁ አቅዱ።

2. ስማችሁን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጉ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚያደናቅፈው ይህ ነው። የዋሂል ልጅ የመጀመሪያ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ተምሮ ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፏል። የቀበሌ መታወቂያው በአማርኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይመጣል። በዚህ መሃል መሐመድ የሚለው ስም አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ «ም»፣ ሌላው ላይ በሁለት፣ ሦስተኛው ላይ መነሻ ድምፁ ተለውጦ ሙሐመድ ሆኖ ይገኛል። የአያት ስም ላይ ሲደርስ ይብሳል።

ኮሌጁ አንዱን አጻጻፍ ይዞ ይመዘግባችኋል፤ ትራንስክሪፕታችሁም የምዘና ሰርተፊኬታችሁም በዚያው ይወጣል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ወረቀቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ገና ካልተመዘገባችሁ የትምህርት ማስረጃችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይዛችሁ ተመዝገቡ። ልዩነት ካለ እርማቱን አሁን ጀምሩት፤ ሥራ ካገኛችሁ በኋላ የሚጀመር እርማት ቅጥሩን ያስመልጣል።

ለምዝገባ ስትሄዱ ዋናውን ማስረጃ አሳይታችሁ ኮፒውን ስጡ። ዋናውን ለማንም ትታችሁ አትመለሱ።

3. የምትገዙትና የማትገዙት

ላፕቶፕ ለመጀመሪያው መንፈቅ አያስፈልጋችሁም። ቤተሰብ ፍየል ሸጦ ኮምፒውተር እንዲገዛ አታስጨንቁ፤ የኮሌጁ ላብራቶሪ ይበቃል። የሚያስፈልጋችሁ ባለ 12 አሃዝ ካልኩሌተር ነው። በስልክ መደመር አትልመዱ፤ ፈተና ላይ ስልክ አይገባም፣ ጣታችሁም ለካልኩሌተሩ ባይተዋር ይሆናል።

ሁለት ጠንካራ ደብተር ግዙ፤ አንዱ ለጆርናል (ድርጊቱ በቀኑ ተራ ለሚጻፍበት)፣ አንዱ ለሌጀር (በየሒሳቡ ተለይቶ ለሚወርድበት)። የታተመ የሌጀር ወረቀት ካጣችሁ በማስመሪያ አስምሩት። በእስክሪብቶ ብቻ ጻፉ። የሒሳብ መዝገብ ላይ አይፋቅም፣ ፍሉድም አይቀባም፤ ስህተቱን ባንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከላዩ ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። ምክንያቱም ኦዲተር የተሳሳተ ቁጥር አያስደነግጠውም፤ የሚያስደነግጠው የተሸፈነ ቁጥር ነው።

መምህሩ የሚያስተምረው እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለ ነው። አፍ መፍቻችሁ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ከሆነ የደብተራችሁን የመጨረሻ ገጾች ለቃላት ተዉ፤ አዲስ ቃል በሰማችሁ ቁጥር ትርጉሙን በገዛ ቋንቋችሁ፣ በራሳችሁ ምሳሌ ጻፉ። ያልገባችሁን ቃል ወዳጅን መጠየቅ ስታፍሩ ሳምንቱ ያልፋል፣ ሌላ አምስት ቃል ይደረብበታል።

4. ዴቢትና ክሬዲትን በሱቅ ተማሩ

ዋናው ምዕራፍ ይህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የምታውቁትን አንድ ባለሱቅ አስፈቅዱ። «የሱቁን ግዢና ሽያጭ ለትምህርቴ ልመዝግብ፤ ለማንም አላሳይም» በሉት። ቃላችሁንም ጠብቁ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት መንደር ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት ከእናንተ አፍ ከወጣ ሱቁን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም አጣችሁት።

ሕጉ አጭር ነው። ንብረትና ወጪ ሲጨምሩ ዴቢት ይደረጋሉ፣ ሲቀንሱ ክሬዲት። ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ሲጨምሩ ክሬዲት ይደረጋሉ፣ ሲቀንሱ ዴቢት። እያንዳንዱ ድርጊት ቢያንስ ሁለት ቦታ ይመዘገባል፣ ሁለቱም ወገን እኩል ይሆናል። አሁን ወደ ሱቁ እንግባ።

ባለሱቁ ቀፊራ ገበያ ሄዶ 100 ኪሎ ስኳር በ12,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ገዛ እንበል። ዕቃ ዴቢት 12,000፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 12,000። ስኳሩን ለማስጫን 600 ብር ከፈለ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ 600ውን «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ይወረውረዋል። ስህተት ነው። ዕቃውን ሱቁ ድረስ ለማምጣት የወጣ ገንዘብ የዕቃው ዋጋ አካል ነው። ስለዚህ ዕቃ ዴቢት 600፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 600፤ የስኳሩ ጠቅላላ ዋጋ 12,600 ሆነ፣ ኪሎው 126 ብር። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። ባለሱቁ «ኪሎውን በ120 ገዝቼ በ125 ብሸጥ 5 ብር አተርፋለሁ» ብሎ ካሰበ በየኪሎው 1 ብር እየከሰረ ነው። ይህን አስልታችሁ ያሳያችሁት ቀን ደብተራችሁን በአክብሮት ማየት ይጀምራል።

ቀጥሎ አንዲት ጎረቤት 5 ኪሎ ስኳር በ140 ሒሳብ በዱቤ ወሰደች። ተሰብሳቢ ሒሳብ ዴቢት 700፣ ሽያጭ ክሬዲት 700። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትከፍል ጥሬ ገንዘብ ዴቢት 700፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ ክሬዲት 700። ሽያጩ የተመዘገበው ስኳሩ የወጣ ዕለት ነው። ገንዘቡ ሲገባ እንደገና «ሽያጭ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዱን ስኳር ሁለት ጊዜ ሸጣችሁታል፤ ባለሱቁም ላላገኘው ትርፍ ግብር ይከፍላል። (የወጣው የ5 ኪሎ ስኳር ዋጋ 630 ብር ደግሞ ከዕቃ ወደ ተሸጠ ዕቃ ወጪ ይዛወራል።)

የመጨረሻው ድርጊት ማንም የማይጽፈው ነው። የባለሱቁ ሚስት ልጅ ልካ 3 ኪሎ ስኳር ለቤት አስመጣች። ገንዘብ አልተከፈለም፣ ሽያጭም አይደለም፤ ግን 378 ብር የሚያወጣ ዕቃ ከሱቁ ወጥቷል። የባለቤት ወጪ ዴቢት 378፣ ዕቃ ክሬዲት 378። ገጠር ውስጥ ሱቅ የሚከስረው በሌባ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ሱቁና ቤቱ አንድ ኪስ ስለሆኑ ማን እንደበላው አይታወቅም። ባለቤቱን አትውቀሱ፤ ቁጥሩን ብቻ በወሩ መጨረሻ አሳዩት።

አንድ የሚያደናግር ነገርም አለ። ገንዘብ ስታስገቡ ባንኩ በስልካችሁ የሚልከው መልእክት ሒሳባችሁ «ክሬዲት» ተደርጓል ይላል። በእናንተ መዝገብ ግን ጥሬ ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት ነው። ሁለቱም ልክ ናችሁ። ባንኩ የሚጽፈው በራሱ መዝገብ ነው፤ ለእሱ የእናንተ ገንዘብ ዕዳው ነው፣ ዕዳ ሲጨምር ደግሞ ክሬዲት ይደረጋል።

5. ትራያል ባላንስ እንቢ ሲላችሁ

በወሩ መጨረሻ የሌጀሩን ቀሪ ሒሳቦች ወደ ትራያል ባላንስ ታወርዳላችሁ፤ የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ሁሉንም ከመጀመሪያ መደመር አትጀምሩ፤ ልዩነቱን ተመልከቱት።

ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ አሃዝ ሳታቀያይሩ አልቀራችሁም፤ 540 መጻፍ ሲገባ 450 ከተጻፈ ልዩነቱ 90 ነው፣ ለ9 ይካፈላል። ለ2 የሚካፈል ከሆነ ግማሹን ቁጥር ፈልጉ፤ ዴቢት መሆን የነበረበት ክሬዲት ተጽፎ ይሆናል። ከሁለቱም ካልሆነ አንዱን ቁጥር ከጆርናል ወደ ሌጀር ሳታወርዱት ቀርታችሁ ይሆናል፤ ልዩነቱን የሚያህል ቁጥር ጆርናሉ ላይ ፈልጉ።

ትራያል ባላንስ ስለተስተካከለ ሥራው ትክክል ነው ብላችሁ ግን አትተኙ። ድርጊቱ ጭራሽ ካልተመዘገበ፣ ወይም ማጓጓዣው ቀደም ብለን እንዳየነው የተሳሳተ ሒሳብ ውስጥ ከገባ፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆነው ስህተቱ ተደብቆ ይኖራል።

6. ደመወዝና ግብር፦ የትኛውን ሠንጠረዥ ይዛችኋል?

በየኮሌጁ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የቆየ ሞጁል አለ። የደመወዝ ግብር ምዕራፉን ስትከፍቱ ሠንጠረዡ ከ600 ብር የሚጀምር ከሆነ አስቀምጡት። ያ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የነበረው ነው። በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ነው፤ በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ ተቀናሹ 300። ከ4,001 እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ ተቀናሹ 500። ከ7,001 እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ ተቀናሹ 850። ከ10,001 እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ተቀናሹ 1,350። ከ14,000 ብር በላይ 35 በመቶ፣ ተቀናሹ 2,050።

የ9,500 ብር ደመወዝ አብረን እንሥራ። 9,500 በ25 በመቶ ሲባዛ 2,375፤ 850 ሲቀነስ ግብሩ 1,525 ብር። በአሮጌው ሠንጠረዥ ብትሠሩት 1,895 ይመጣ ነበር፤ ከሠራተኛው ላይ በየወሩ 370 ብር ያለአግባብ ቆረጣችሁ ማለት ነው። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ 665 ብር። ለእጁ የሚደርሰው 7,310 ብር። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ፣ 1,045 ብር ይጨምራል። ምዝገባው፦ ደመወዝ ወጪ ዴቢት 9,500፣ የጡረታ ወጪ ዴቢት 1,045፤ ተከፋይ ግብር ክሬዲት 1,525፣ ተከፋይ ጡረታ ክሬዲት 1,710፣ ባንክ ክሬዲት 7,310። ሁለቱም ወገን 10,545 ነው።

ሁለት ስህተት በብዛት ይታያል። አንዱ ጡረታውን ቀንሶ ከተረፈው ላይ ግብር ማስላት ነው፤ ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላው ደመወዝ ነው። ሌላው የአሠሪውን 11 በመቶ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ መቁረጥ ነው። ይህኛው ከስህተትም ያልፋል፤ ያስከስሳል።

ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ደረሰኙ ላይ ታክስን ጨምሮ 23,000 ብር ተጽፎ ታክሱን ለይታችሁ አውጡ ብትባሉ 23,000ን በ15 በመቶ አታባዙ፤ 3,450 ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። 23,000ን ለ1.15 አካፍሉ፤ ዋጋው 20,000፣ ታክሱ 3,000 ይሆናል። ይህች ጥያቄ ፈተና ላይ የምትጥለው ሰው ብዛት ያስገርማል።

ሕግ ይለወጣል። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አዲስ ነገር መውጣቱን ጠይቁ፤ መምህራችሁንም በአክብሮት «ይህ ሠንጠረዥ አልተሻሻለም ወይ?» በሉት።

7. ባንክ፣ ቴሌብርና ከወለድ ነፃ

የባንክ ማስታረቂያ ማለት የእናንተ መዝገብ የሚያሳየው ቀሪና የባንኩ መግለጫ የሚያሳየው ቀሪ ለምን እንደተለያዩ ማስረዳት ነው። ተጽፎ ገና ያልተመነዘረ ቼክ፣ ገብቶ መግለጫው ላይ ያልታየ ገንዘብ፣ ባንኩ ቆርጦት እናንተ ያልሰማችሁት የአገልግሎት ክፍያ፤ ከእነዚህ አንዱ አይጠፋም። በቴሌብር የሚሸጥ ሱቅ ካላችሁም አሠራሩ ያው ነው፤ የስልኩን የግብይት ዝርዝር ከሽያጭ መዝገቡ ጋር በየሳምንቱ አስታርቁ። የባለቤቱ የግል ዝውውርና የሱቁ ሽያጭ አንድ ስልክ ላይ ከተቀላቀለ ለሱቁ ለብቻው ቁጥር እንዲያወጣ ምከሩት።

የኮሌጁ መልመጃ በወለድ ብድር የተሞላ ነው፤ የድሬዳዋና የገጠሯ ነጋዴ ግን ብዙው ሙስሊም ነው፣ ከወለድ ይሸሻል። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች፣ የሌሎች ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶችም አሉ። ሙራባሃ የሚባለውን አሠራር ከመምህር ባትማሩትም ባንክ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በጊዜ ክፍያ ይሸጥላችኋል። በመዝገባችሁ ላይ የተከፈለው ትርፍ «ወለድ» ተብሎ እንዳይጻፍ ተጠንቀቁ፤ ውሉን የሚያነብ ኦዲተርም ባለሱቁም ይቆጣል።

8. ፒችትሪ ከደብተር በኋላ

ሁሉም ሰው ፒችትሪ ወደሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ይቸኩላል። በእጁ ሌጀር ዘግቶ የማያውቅ ተማሪ ሶፍትዌር ላይ ቁልፍ ተጭኖ የሚወጣውን ሪፖርት ትክክል ይሁን ስህተት መለየት አይችልም። ቢያንስ የሱቁን የሁለት ወር ሒሳብ በእጃችሁ ዝጉ፤ ከዚያ ያንኑ ወደ ፒችትሪ አስገቡና ሁለቱ ይገጥሙ እንደሆነ እዩ። ካልገጠሙ ልዩነቱን የመፈለጉ ሥራ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ፒችትሪ ላይ አዲስ ኩባንያ ስትከፍቱ የሚያስቸግራችሁ የቀን አቆጣጠሩ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ነው፤ የእኛ በጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከፈረንጅ ወር ጋር የማይገጥም የሒሳብ ወቅት የሚለውን ምረጡና መጀመሪያውን ጁላይ 8 አድርጉ። ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው። ነሐሴን ከጳጉሜ ጋር አንድ ወቅት አድርጋችሁ ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 10 ያዙት፤ መስከረም ሴፕቴምበር 11 ይጀምራል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል የነሐሴና ጳጉሜን ወቅት መጨረሻና ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉትን ወቅቶች መጀመሪያ አንድ ቀን ግፉ፤ ከመጋቢት ጀምሮ ቀኖቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህን ያላስተካከለ ሰው የጳጉሜ ሽያጩ የትኛው ወር ውስጥ እንደገባ አያውቅም።

መብራት ይጠፋል፤ የላብራቶሪ ኮምፒውተርም ዛሬ የሠራችሁትን ነገ ሌላ ተማሪ ያጠፋዋል። ከመነሳታችሁ በፊት ባክአፕ ወስዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ስሙንም በቀን ሰይሙት። ኤክሴልንም አትናቁት። ብዙ መሥሪያ ቤት ፒችትሪ ቢኖረውም የደመወዝ ዝርዝሩን የሚሠራው በኤክሴል ነው።

9. የትብብር ሥልጠና

ኮሌጁ ወደ መሥሪያ ቤት ሲልካችሁ የት እንደምትሄዱ ቀድማችሁ ፈልጉ፤ ለዕጣ አትተዉት። ብዙ ዓይነት ሥራ የምታዩበት ቦታ የቀበሌ ወይም የከተማ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ሆቴል ወይም መለስተኛ አስመጪ ነው። ትልልቆቹ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካውም በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነፃ የንግድ ቀጣናም፣ ስማቸው ይስባል፤ ግን ትልቅ ድርጅት ውስጥ አንድ ሰነድ ብቻ ስትደረድሩ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል። እኔ ብጠየቅ ትንሹን ሆቴል እመርጣለሁ።

የመንግሥት ቢሮ ከገባችሁ ሞዴሎቹን በቁጥር እወቋቸው። ዕቃ ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19፣ ዕቃ ሲጠየቅ ሞዴል 20፣ ሲወጣ ሞዴል 22። የበጀት ኮዶችንም ልመዱ፤ 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ፣ 6231 ውሎ አበል ነው። በገጠር ቀበሌዎች የሴፍቲኔት ክፍያ ዝርዝር የማየት ዕድል ካገኛችሁ አትለፉት፤ ስም፣ ፊርማና የገንዘብ መጠን እንዴት እንደሚገጣጠሙ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው።

ሻይ አምጣ፣ ፎቶ ኮፒ አድርግ መባል አይቀርም። አድርጉ፤ ግን ኮፒ የምታደርጉትን ወረቀት አንብቡት። የወጪ ማዘዣው ላይ ማን አዘጋጀ፣ ማን አረጋገጠ፣ ማን አጸደቀ የሚሉት ሦስት ፊርማዎች ለምን በአንድ ሰው እንደማይፈረሙ ጠይቁ። ጥያቄያችሁን ጠዋት ጨርሱ፤ ድሬዳዋ በቀትር ሙቀት ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ከምሳ በኋላ የሚመልስላችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የሥልጠና መዝገባችሁንም በየቀኑ ሙሉ፣ በየሳምንቱ አስፈርሙ። የሁለት ወር ሥራ በመጨረሻው ቀን በትውስታ የሚሞላ ሰው ብዙ ነው፤ አስፈራሚውም ያውቃል።

ብር በእጃችሁ እንድትይዙ ከተጠየቃችሁ በትሕትና እምቢ በሉ። ሠልጣኝ ናችሁ፤ ገንዘቡ ቢጎድል የሚጠየቀው መጀመሪያ እንግዳው ነው።

10. ሲኦሲ

ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ሰው በብዛት የሚወድቀው በተግባሩ ነው፤ የሚወድቀውም ባለማወቅ ሳይሆን ሰዓት ስለሚያልቅበት ነው። ስለዚህ ከአንድ ወር በፊት ጀምራችሁ ሰዓት ቆጥራችሁ ተለማመዱ። ያንን የሱቅ ደብተር አውጡና የአንድ ወር ድርጊት ከጆርናል እስከ ሒሳብ መግለጫ ያለ ማቋረጥ ሥሩ፤ በማግሥቱ የደመወዝ ዝርዝርና የባንክ ማስታረቂያ፣ ከዚያ በፒችትሪ።

ምዘናው ላይ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ማብራሪያና ፊርማ የሚሞላበትን ክፍት ቦታ አትለፉ፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሰነዱ ስላልተሟላ ነጥብ ማጣት ያናድዳል። የመጨረሻው ሪፖርት አልገጥም ካላችሁ ሁሉንም አትሰርዙ፤ እስከዚያ የሠራችሁት ይታይላችኋል። «ገና ብቁ አይደለም» የሚል ውጤት ቢመጣም የወደቃችሁበትን ክፍል ለይታችሁ ድጋሚ ጠይቁ፤ ከሙያው መባረር አይደለም።

11. ወደ ሥራ

የተማራችሁበት ወረቀት በራሱ በር አይከፍትም። ቀጣሪ ፊት የምታቀርቡት የሥራ ናሙና ያስፈልጋል። ስም የሌለበት የአንድ ወር ጆርናል፣ ትራያል ባላንስ፣ የደመወዝ ዝርዝርና የባንክ ማስታረቂያ አንድ ቀጭን ፋይል ውስጥ አስገቡ። የሱቁን ባለቤት ስምና የተበዳሪዎችን ስም አጥፉ፤ ሚስጥር እንደምትጠብቁ ቀጣሪው የሚያየው በዚሁ ነው።

ለጀማሪ ቋሚ ቅጥር ከማግኘት ይልቅ ሁለት ሦስት ትንንሽ ሱቆችን በወር ክፍያ መያዝ ይቀላል። ዋሂልም ከተማውም ውስጥ ደረሰኙን በፌስታል አጭቆ የሚያስቀምጥ ነጋዴ አይታጣም። ክፍያችሁን፣ የምትሠሩትንና የማትሠሩትን በጽሑፍ ተስማሙ። ሁለት ዓይነት መዝገብ ያዙልኝ፣ አንዱን ለግብር አንዱን ለእኔ የሚል ካጋጠማችሁ ሥራውን ተዉት፤ ሲጣራ ፊርማው የእናንተ ነው።

የነጋዴው የግብር ማስታወቂያ ወቅት የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው። ፋይላችሁን ይዛችሁ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሂዱ፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከደረሳችሁ ባለሱቁ ሌላ ሰው ይዟል።